«ለምን?» ብሎ መጠየቅ እምቢተኝነት አይደለም

በከተማችን ጎዳናዎች ላይ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ እጅግ አጭሩ፣ ነገር ግን ብዙ የሚያስከትለው፣ «ና!» የሚለው ቃል ሳይሆን አይቀርም። ይህን ቃል የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲናገረው የሊስትሮው ልጅ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ይነሣል፤ በመንገድ ዳር ጀበናዋን ጥዳ ቡና የምትሸጠው እናት ሲኒዎቿን ትሰበስባለች፤ ከአገር ቤት መጥቶ አውቶቡስ ተራ የወረደው ባላገር ደግሞ ስልቻውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ይመለከታል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ስለ ምን አይጠይቅም ቢባል፣ መጠየቁ ራሱ ጥፋት ሆኖ እንዳይቈጠርበት ስለሚፈራ ነው። ዛሬ እሑድ ከአንባብያን ጋራ ልንነጋገርበት የፈለግነው ቁም ነገር ይኸው ሳይጠየቅ የሚቀረው ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ፖሊስ ባይኖር ይሻል ነበር የሚል ሰው ካለ እኛ ከእርሱ ጋራ አይደለንም። ሌሊት ሌባ በሩን የሰበረበት ሰው «ፖሊስ ለምን ዘገየ?» ይላል እንጂ «ለምን መጣ?» አይልም። በሐምሌ ዝናብ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያድረው፣ ቢላዋ ከመዘዘ ሰካራም ፊት የሚቀርበው፣ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ የሚያልቅበት፣ ይኸው እኛ የምንወቅሰው ሰው ነው። እርሱም ቀበቶውን ፈትቶ ቤቱ ሲገባ እንደ ማናችንም ዜጋ ነው፤ ወንድሙ ወይም ልጁ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ፖሊስ «ና!» ሊባል ይችላል። ስለዚህ የምንጽፈው ለእርሱም ጭምር ነው።

ነገሩን ከሕጉ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ላይ፣ ወንጀል ሠርቷል ተብሎ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በዝርዝርና ወዲያውኑ፣ ያውም በሚገባው ቋንቋ፣ እንዲነገረው መብት ሰጥቶታል። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ሕጉ «ሰውዬው ከጠየቀ ይነገረው» አለማለቱን ነው። ጠየቀም አልጠየቀም መናገሩ የያዡ ግዴታ ነው። እንግዲህ በሕጉ አካሄድ ቢሆን ኖሮ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ በተሰማ ነበር፤ የሊስትሮው ልጅም «ለምን?» ለማለት ድፍረት ባላስፈለገው። «በሚገባው ቋንቋ» የተባለውም ለጌጥ የገባ ቃል አይደለም። ትናንት ከወላይታ ወይም ከባሌ ለቀን ሥራ መጥቶ አማርኛው ገና ያልተፈታለት ወጣት፣ ጮክ ተብሎ ስለ ተነገረው ብቻ ምክንያቱ ተነግሮታል ለማለት አይቻልም።

ይህ ሐሳብ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውናል። እንግዳ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዝዞ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በቍጥር 27፣ ፖሊስ የተጠረጠረውን ሰው መልስ እንዲሰጥ ሊያስገድደው እንደማይችል፣ ይልቁንም ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነግረው ደንግጓል። በከተማው ውስጥ ያለ ወጣት አብዛኛው ይህን ቃል በእንግሊዝኛ ያውቀዋል፤ ከአሜሪካ ፊልም ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን የአገሩ ፖሊሶች ይህን እንዲናገሩ ያስገደደው በሚራንዳ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ነው። የእኛ ቍጥር 27 ከአራት ዓመት በላይ ይቀድመዋል! ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ አልሰነበትንምና፣ ጓደኞቻችን የፊልሙን ቃል እየደገሙ ሲቀልዱ ዘወትር እንሰማለን፤ የራሳችንን ቍጥር 27 የሚጠቅስ ግን ከሕግ ተማሪ በቀር እስካሁን አላገኘንም። በቤቱ ያለውን ወንፊት ረስቶ ከጎረቤት ወንፊት የሚዋስ ሰው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ሌላ ነገር እናገኛለን። ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ከመቋቋሙ በፊት፣ በአባቶቻችን ዘመን፣ በመንገድ ላይ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል የተባለው ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ቃሉ የሹም ብቻ አልነበረም፤ ድኻውም ባለጠጋውን ሊያቆምበት ይችል ነበር። ሁለቱ ባላጋራዎች በመንገድ ያገኙትን ሽማግሌ ዳኛ አድርገው ዛፍ ሥር ይሟገታሉ፤ ነገሩ በዚያ ካላለቀም ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ በቍራኛ፣ ወደ ሹሙ ይሄዳሉ። ያን ዘመን እንዲሁ ለማመስገን አንነሣም፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው በዚያው ዘመን ነው፤ ሌባ ለመፈለግ ሕፃን ልጅን መድኀኒት አጠጥቶ በየሰው ደጅ የሚያስሮጠው ሌባ ሻይ የተባለው ሥርዓትም የዚያው ዘመን ነው። ቍራኛ ግን አንድ ብልሃት ነበረበት፤ ያዡም ከተያዡ ጋራ ታስሮ ይሄዳል። ሰውን ያለ ምክንያት የያዘ የራሱንም ቀን ያባክናልና ከመያዙ በፊት ያስባል። ዛሬ አንዱን ሰው ሁለት ቀን አቆይቶ «ሂድ፣ ምንም አልተገኘብህም» የሚለው ሰው ግን የሚያባክነው የሌላውን ቀን ብቻ ነው።

በእውነቱ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ በከተማችን ጨርሶ አይጠየቅም ማለት ልክ አይደለም። ይጠየቃል፤ የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ ግን ማየት ይገባል። ጥቁር መስታወት ያለው መኪና የሚነዳው ሰው መስታወቱን በጣት ያህል ዝቅ አድርጎ «እኔ ማን እንደ ሆንኩ ታውቃለህ?» ይላል። ቀጥሎም ስልኩን አንሥቶ ይደውላል። ፖሊሱም በዚያች ደቂቃ ድምፁ ይለወጣል፤ ቅድም «አንተ!» ያለው አፉ አሁን «ጌታዬ» ይላል። ይህ ባለመኪና የጠየቀው ሕጉን አይደለም፤ የራሱን ስም ነው የጠራው። እንዲህ ሲሆን አንዱ ፖሊስ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ሁለት ሕግ እንዲያስከብር ይገደዳል፤ አንዱ ለሚደውል፣ ሁለተኛው ለማይደውል። ለዚህም ተጠያቂው መንገድ ላይ የቆመው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ስልኩን አንሥቶ «ልቀቀው» የሚለው አለቃው ነው ብለን እናምናለን። አንቀጽ 19 በተለይ የሚያስፈልገው የሚደውልለት ዘመድ ለሌለው ሰው ነው።

ምክንያትን መናገር ሥራ ያበዛል፣ የማይቻልም ነው እንዳይባል የትራፊክ ፖሊስን አሠራር ተመልከቱ። ሹፌሩን ያስቆማል፤ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥፋት አግኝቻለሁ ካለም በወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል። ሹፌሩ ቢያጕረመርምም በምን እንደ ተቀጣ ያውቃል፤ ልክ አይደለም የሚል ከሆነም የሚከራከርበት ወረቀት በእጁ አለ። (በመንጃ ፈቃድ ውስጥ ታጥፎ ስለሚሰጠው ብር ዛሬ አናነሣም፤ እርሱ ራሱን የቻለ እሑድ ይፈልጋል።) እንግዲህ መኪና ያለው ሰው የተጻፈ ምክንያት ሲያገኝ፣ በእግሩ የሚሄደው ሰው የቃል ምክንያት እንኳ የሚያጣው ስለ ምንድነው? ቆሎ በቅርጫት ይዛ በመንገድ ዳር ስትሸጥ የተገኘችው ሴት ቅርጫቷ በደንብ አስከባሪ ሲወሰድባት፣ ምናልባት ደንቡ የሚከለክለውን ቦታ ይዛ ይሆናል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ምን ያህል ቆሎ እንደ ተወሰደባት፣ ማን እንደ ወሰደው፣ የት ሄዳ እንደምትጠይቅ የሚገልጽ አንዲት ቍራጭ ወረቀት ካልተሰጣት፣ እርሷ ደንብ ተከበረ ብላ አታምንም፤ ተቀማሁ ብላ ነው ለልጆቿ የምትነግራቸው። ልጆቿም ስለ መንግሥት የሚማሩት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ይሆናል።

ብርበራን በተመለከተም ልማዱ ከሕጉ ርቋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው ቤት፣ አካሉና ንብረቱ ከብርበራ የተጠበቀ እንዲሆን ደንግጓል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ እጅ ከፍንጅ እንደ መያዝ ካሉት ጥቂት ሁኔታዎች በቀር የብርበራ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት እንዲወጣ፣ ፍርድ ቤቱም በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲደረግ አዝዟል። የሌሊት በር መምታት ሽማግሌን እንደሚያስደነግጥ፣ ሕፃንን እንደሚያስለቅስ፣ ሌባውንም ከፖሊሱ ለመለየት እንደሚያስቸግር የሕጉ አርቃቂዎች ሳይታያቸው አልቀረም። ዛሬ ደግሞ ያን ጊዜ ያልነበረ አዲስ ቤት አለን፤ እርሱም በየኪሳችን የያዝነው ስልክ ነው። በውስጡ የሚስት መልእክት፣ የልጅ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሐኪም ወረቀት ሁሉ ይገኛል። «እስቲ ክፈተው!» ማለት ዛሬ ሳጥንን፣ መሶብንና አልጋን በአንድ ጊዜ እንደ መበርበር ነው። አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት በስም ጠቅሶ ጠብቆታል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የተነገረ ተራ ትእዛዝ ይህን በር ሊከፍተው አይገባም።

በ2009፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጆች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና መበርበር ተፈቅዶ ነበር። ዐዋጆቹ ዘመናቸውን ጨርሰው አልፈዋል። ሆኖም ለጊዜው የተፈቀደ ነገር በእጅ ላይ ልማድ ሆኖ ይቀራል፤ ዐዋጅ በሬዲዮ ሊሻር ይችላል፤ ልማድን ግን አለቃ በየማለዳው ሰልፍ ላይ ቆሞ ካልሻረው በራሱ አይሻርም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ፤ ይኸውም የዓርብ ማታ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተያዘ እንበል። አርባ ስምንቱ ሰዓት የሚሞላው እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም የአካባቢው ሁኔታና የመገናኛው ነገር እንደ ፈቀደ ወዲያው፣ ይቅረብ ብሎ ትንሽ በር ትቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከወረዳ ወደ ፍርድ ቤት በበቅሎ የሁለት ቀን መንገድ ነበርና አያስደንቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ከ48ቱ ሰዓት ውጭ ያደረገው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገውን የጕዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜን አልቀነሰም፤ እሑድን አልቀነሰም፤ መዝገብ ቤቱ ተዘግቷል የሚለውንም አልቀነሰም። በአዲስ አበባ ውስጥ ከጣቢያ እስከ ፍርድ ቤት ያለው መንገድ፣ መኪናው ቢጨናነቅ እንኳ፣ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። እንግዲህ የዓርቡ ሰው ሰኞ ረፋዱ ላይ ዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ በመካከል ያለው ሰዓት በየትኛው ሕግ የተወሰደበት ነው?

ይህ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። ሁለት ቀን ተኩል ለደመወዝተኛ ሰው የዕረፍት ቀኖቹ ናቸው፤ ለቀን ሠራተኛ ግን የሳምንቱ ራት ነው። ሰኞ ጠዋት ያልተገኘ የቀን ሠራተኛ ማክሰኞ ሲመጣ ቦታው በሌላ ተይዟል። ቡና የምትሸጠው እናት ብትያዝ የልጆቿን ቍርስ የሚያዘጋጅ ማን ነው? ቤተ ሰብ ደግሞ ሰውዬው የት እንዳለ ሳያውቅ ምግብ በሳህን ቋጥሮ ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል፤ በአንዱ «እዚህ የለም»፣ በሌላው «ነገ ተመለሱ» ይባላል። የተያዘ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የነፍስ አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት በአንቀጽ 21 የተፈቀደለት ነው። ይህ መብት ደግሞ ከሁሉ በፊት የት እንዳለ ከማሳወቅ የሚጀምር ይመስለናል፤ ያልታወቀን ሰው ማን ይጎበኘዋል?

ሐኪም ቤት እሑድ ተረኛ ሐኪም አለው። ሕመም ሰኞን አይጠብቅምና። ነጻነትም እንደዚሁ ነው፤ ተረኛ ዳኛ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ አሠራር በተጀመረበት ቢጠናከር፣ ባልተጀመረበት ደግሞ ቢጀመር፣ ወጪው የአንድ ዳኛ፣ የአንድ ጸሐፊና የአንድ ክፍት በር ነው። በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ያልቀረበ ሰው አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን የመጠየቅ መብት በዚያው በአንቀጽ 19 አለው፤ ዳሩ ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ በተዘጋበት ቀን ይህን መብት ይዞ ወዴት ይሄዳል?

«እናንተ ወጣቶች በወረቀት ላይ ስታስቡ ነገሩ ይቀልላችኋል፤ ሰው ሁሉ ለምን እያለ ከተከራከረ ሌባው ያመልጣል፣ የፖሊስም ክብር ይወድቃል» የሚሉን አሉ። ክርክሩ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። መልሳችን ግን ይህ ነው። ሕጉ ፖሊሱን ባዶ እጁን አልላከውም፤ እጅ ከፍንጅ ያገኘውን ሰው ያለ ትእዛዝ እንዲይዝ፣ በኀይል የሚቃወመውንም ከሁኔታው ጋራ በተመጣጠነ ኀይል እንዲያስገድድ ሥልጣን ሰጥቶታል። «በስርቆት ተጠርጥረሃል፤ ወደ ጣቢያ እንሂድ» ለማለት ደግሞ አንድ ትንፋሽ ይበቃል፤ በዚህች ጊዜ የሚያመልጥ ሌባ ዝም ቢሉትም የሚያመልጥ ነው። ክብርን በተመለከተ፣ ምክንያቱን በረጋ ድምፅ የሚናገር ፖሊስ በሰፈር ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ያየ ያውቀዋል። ሴቶቹ «ልጄ» ይሉታል፤ ሌባ ሲያዩም ሮጠው የሚነግሩት ለእርሱ ነው። በጥፊ የሚናገረውን ግን ሲመጣ መንገድ ይለቁለታል እንጂ አንዳች ነገር አይነግሩትም፤ እርሱም ወንጀል ሲመረምር ምስክር አጣሁ እያለ ሲያማርር ይኖራል።

ለእኩዮቻችንም የምንለው አለን። ፖሊስ ገና ሳይናገር ስልክ በአፍንጫው ላይ ደቅኖ እየቀረጹ መስደብ፣ ጓደኛን ሰብስቦ ማላገጥ፣ ወይም ሲጠሩ መሮጥ፣ መብትን ማስከበር አይደለም። ጥያቄ በስድብ ከተለወሰ ፖሊሱ የሚሰማው ስድቡን ብቻ ነው። ባላገሩ አባት እንኳ ዳኛ ፊት ሲቆም ነጠላውን አስተካክሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር ሙግቱን የሚጀምረው፤ በሙግቱ ግን አንዲት ነጥብ አይለቅም ነበር። «ጌታዬ፣ በምን ምክንያት እንደ ተያዝኩ ይንገሩኝ፤ ስምዎንና ጣቢያዎንም ልወቅ» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም አብሮ መሄድ፣ ክርክሩንም በመንገድ ሳይሆን ዳኛ ፊት ማድረግ ይቻላል። ፖሊሱ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰውን መያዝና ማሰርን፣ በአንቀጽ 424 ደግሞ በምርመራ ጊዜ ማስፈራራትንና ማሠቃየትን በወንጀልነት ያስቀጣል። እነዚህን አንቀጾች የሚያውቃቸው ግን፣ ሲሆን ሲሆን፣ ከመያዙ በፊት የተማራቸው ሰው ነው።

ስለዚህም ከትልልቁ ምክር ሁሉ ይልቅ አንድ ትንሽ ነገር እናሳስባለን። በየፖሊስ ጣቢያው የተያዙ ሰዎች ቃላቸውን እስኪሰጡ ድረስ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አለ። ከወንበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ወይም ያለፈ ዓመት የቀን መቍጠሪያ ተሰቅሎበታል። በዚያ ላይ አንቀጽ 19 በትልልቅ ፊደል፣ በየአካባቢው ሕዝብ በሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ ተቀምጦ በሚነበብ ከፍታ ቢለጠፍ፣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል፤ ፖሊሱም ሲገባና ሲወጣ ያየዋል። ስድስት ንኡስ አንቀጽ ብቻ ስለ ሆነ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ይበቃል። ማተሚያ ቤት መላክም አያስፈልግም፤ የጣቢያው ጸሐፊ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቢጽፈው ለነገ ሰኞ ይደርሳል።